«ዲል ዊዝ» ሲሉን ምን አሉን?



የዛሬው ወሬያችን ስለ ሁለት ጥቃቅን የእንግሊዝኛ ቃላት ነው፤ «ዲል» እና «ዊዝ»። ችግር በተነሣ ቁጥር ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ አፍ እንደነዚህ ሁለቱ ቶሎ የሚወጣ ሐረግ ብዙ የለም። አከራዩ ቧንቧው እንደሚያፈስ ሲነገረው «አይል ዲል ዊዝ ኢት» ይላል። አለቃ በስብሰባ መሀል «ዊ አር ዲሊንግ ዊዝ ኢት» ብሎ ወደሚቀጥለው አጀንዳ ይሻገራል። እናት ሱቅ ውስጥ ያስቸገራትን ልጅ «አይል ዲል ዊዝ ዩ ሌተር» ትለዋለች። መርዶ የደረሰውን ሰው የሥራ ባልደረባው «ሀው አር ዩ ዲሊንግ ዊዝ ኢት?» ብሎ ይጠይቀዋል።

እኛ እነዚህን ስንሰማ አብዛኛውን ጊዜ ጆሯችን የሚይዘው አንድ ነገር ነው፤ «ችግሩ ይፈታል»። እኔ ደግሞ ዛሬ የምከራከረው ሐረጉ ስለ መፍትሔ አንዳች አልተናገረም ብዬ ነው። የነገራችሁ ችግሩ ማን እጅ ላይ እንዳለ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ የጨመርንበት እኛ ነን።

ለምን እንጨምርበታለን? ጥፋቱን በከፊል በሒሳብ መጽሐፍ ላላክከው። «ፕሮብሌም» የሚለውን ቃል አብዛኞቻችን መጀመሪያ ያገኘነው ሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው፤ ከጎኑ የቆመው ግስ «ሶልቭ» ነበር። የሒሳብ ፕሮብሌም መልስ አለው፤ አንዳንዴም መልሱ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ታትሞ ይጠብቃል። ሁለተኛ ደረጃ ስንገባ ፊዚክሱም ኬሚስትሪውም በእንግሊዝኛ ሆነና እንግሊዝኛችን የመማሪያ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ሆኖ አደገ። ስለዚህ ስለ ውኃ መቆራረጥም፣ ስለ ጎረቤት ጠብም፣ ስለ ደመወዝ መዘግየትም ስናወራ «ሶልቭ እናደርገዋለን» እንላለን። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው ግን «ሶልቭ»ን በብዛት የሚያወጣው ለእንቆቅልሽ፣ ለስሌትና ለወንጀል ምርመራ ነው። ስለ አማቱ «ሶልቭ» ሲል ብትሰሙት አማትየዋ እንቆቅልሽ ናት ማለቱ ነው።

ወደ ቃሉ አመጣጥ ትንሽ ልግባ፤ አሰልቺ እንዳይሆንባችሁ አሳጥረዋለሁ። «ዲል» በጥንታዊው እንግሊዝኛ መክፈል፣ ማካፈል ማለት ነበር። የጀርመንኛው «ታይለን» የሥጋ ዘመዱ ነው። ካርታ ለተጫዋቾች የሚያድለው ሰው እስከ ዛሬ «ዲለር» ይባላል። ከሰው ጋር የሚካፈሉት ነገር ካለ ከዚያ ሰው ጋር ጉዳይ አለ፤ ጉዳይ ካለ ደግሞ ንግድ ይመጣል፣ ውል ይመጣል። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ «ዲል ዊዝ» ከአንድ ሰው ጋር መገበያየት፣ መነጋገር፣ ሰውየውን በደግ ወይም በክፉ መያዝ ነበር። በነገራችን ላይ የአዲስ አበባ ልጅ «ከሰውዬው ጋር ዲል አለኝ» ሲል ለዚያ ለጥንቱ ትርጉም ከአከራዩ ይልቅ የቀረበው እሱ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ «መጨረስ» የሚባል ነገር የትም አልገባም። መካፈል አለ፣ መያዝ አለ፣ ጉዳይ ማድረግ አለ።

በአማርኛ ለዚህ የሚቀርበው የትኛው ነው ብትሉኝ «ፈታ»ን ትቼ «ያዘ»ን እመርጣለሁ። ባልና ሚስት ተጣልተው ሽማግሌ ሲገባ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ነገሩን እኛ ይዘነዋል፤ እናንተ ዝም በሉ» ይላል። ይህን የሰማ ዘመድ ታረቁ ብሎ ቡና አያፈላም። ነገሩ እጅ ውስጥ ገባ፣ ባለቤት አገኘ ብሎ ግን ትንሽ ይተነፍሳል። «ዲል ዊዝ» የሚሰጣችሁ ያቺን ትንፋሽ ነው።

አሁን ስለ ሰዋስዉ። እንግሊዞች በግስ ላይ ትንንሽ ቃላት እየቀጠሉ ትርጉሙን የሚያዞሩበት ዘዴ ባዕዳንን እንደሚያስጨንቅ የታወቀው ዛሬ አይደለም። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ ለውጭ ሰው ከባዱ ነገር ይህ መሆኑን ጽፏል። «ፍሬዛል ቨርብ» የሚለው ስያሜ የመጣው ግን በጣም ዘግይቶ ነው። ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1925 ባወጣው መጽሐፍ ስሙን ሲጠቀም፣ ያቀበለኝ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጁ ሄንሪ ብራድሊ ነው ብሏል።

የእኛ ሰው በዚህ ሲማረር እሰማለሁ። «ግስ ብቻውን አይበቃቸውም ወይ?» ይላል። እስቲ «ብድግ አለ»ን ለውጭ ሰው አስረዱ። «አለ» ማለት ተናገረ ማለት ነው ብላችሁ ካስተማራችሁት በኋላ «ታዲያ ብድግ ብሎ ምን ተናገረ?» ይላችኋል። ይባስ ብሎ ዝም ያለውን ሰው «ዝም አለ» እንላለን። «ብድግ»፣ «ቁጭ»፣ «ዝም»፣ «ቀጥ» ለብቻቸው ሲቆሙ ትርጉማቸው አይጨበጥም፤ «አለ» እና «አደረገ» ሲጠጓቸው ግን የሦስት ዓመት ልጅ ያውቃቸዋል። ከእንግሊዝኛ የወሰድናቸውንም ያስገባናቸው እዚያው ቤት ነው። ክሊኒክ ሄዳችሁ «ፎሎው አፕ አድርጋት» ሲባል ትሰማላችሁ፤ ቢሮ ገብታችሁ «እሱን ጉዳይ ሃንድል አድርገው» ሲባል ትሰማላችሁ። ስለዚህ ፍሬዛል ቨርብ ለአማርኛ ተናጋሪ ባዕድ ነው የሚለውን አልቀበልም።

ጥንቃቄ የሚያሻው ቦታ አለ፤ እሱም የቃላቱ አቀማመጥ ነው። ጥብቅ የሆኑት የሰዋስው ሰዎች «ዲል ዊዝ»ን ከ«ሶርት አውት» (ማስተካከል) ለይተው ሌላ መደብ ውስጥ ያስቀምጡታል። ልዩነቱን ጆሮ ያውቀዋል። «ሶርት ኢት አውት» ይባላል፤ «ኢት» መሀል ይገባል፤ ድምፁም «አውት» ላይ ይከብዳል። «ዲል ዊዝ» ግን መሀሉ አይከፈትም፤ «ዲል ኢት ዊዝ» ያለ ወዲያው ይታወቃል። ድምፁም «ዲል» ላይ ይጠነክርና «ዊዝ» ሳትሰማ ታልፋለች። ያለፈው ጊዜ ሲመጣ ደግሞ «ዲልት» አይባልም፤ «ዴልት» ነው፣ «ሚን» «ሜንት» እንደሚሆነው ሁሉ።

«ዋት አር ዊ ዲሊንግ ዊዝ ሂር?» የሚለውን የሐኪምና የፖሊስ ጥያቄም ልብ በሉ፤ «ለመሆኑ የያዝነው ነገር ምንድን ነው?» እንደማለት ነው። ዓረፍተ ነገሩ በ«ዊዝ» አልቋል። የድሮ መምህራን ይህን ይከለክሉ ነበር። ክልከላውን በመቃወም ቸርችል ተናገሩት እየተባለ የሚዞር ቀልድ አለ፤ እንግሊዝኛ መምህራን ይወዱታል። ቀልዱ ጥሩ ነው፤ የቸርችል መሆኑ ግን አልተረጋገጠም፤ አጥኚዎች ሲቆፍሩ የቸርችል ስም ሳይኖርበት ታትሞ አግኝተውታል። ክልከላውን ግን አትፍሩት፤ በ«ዊዝ» ጨርሱ።

«ዊዝ»ን በ«ኢን» ብትለውጡ ሌላ ዓለም ውስጥ ትገባላችሁ። «ዲል ኢን» በአንድ ሸቀጥ መነገድ ነው። እኛ አገር «ድራግ ስቶር» በር ላይ ተጽፎ የሚታይ የተከበረ የመድኃኒት ቤት ስም ነው። የድራግ ስቶር ባለቤት የሆነ ወዳጃችሁ አሜሪካ ሄዶ የአውሮፕላን ማረፊያ መኮንን ሥራውን ቢጠይቀው፣ በቅንነት «አይ ዲል ኢን ድራግስ» እንዳይል ከመሳፈሩ በፊት ምከሩት።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ሰዎች ችግራችንን ሲቀበሉን የሚሰጡን ቃል እኩል አይመዝንም። ለንደን ውስጥ በጥር ወር ማሞቂያ ተበላሸ እንበል፤ ሕፃን ልጅ አለ፤ ሌሊቱ ብርድ ነው። ለአከራዩ ደወላችሁ። «አይል ሉክ ኢንቱ ኢት» ካለ የሰጣችሁ ዓይኑን ነው። ያየዋል፣ ያጣራል፤ አይቶ ሊተወውም ይችላል፤ ቃሉን አላጠፈም። «አይል ዲል ዊዝ ኢት» ካለ እጁን ሰጥቷችኋል። ጉዳዩ አሁን የእሱ ነው፣ አንድ ነገር ማድረግ አለበት፤ ነገር ግን የሚያደርገው ነገር ለኩባንያ ኢሜይል መጻፍ ብቻ ሊሆን ይችላል። «አይል ሶርት ኢት አውት» ካለ ወደ ውጤቱ ተጠግቷል፤ ማሞቂያው ሳይሞቅ ቢቀር «ብለህ ነበር» ልትሉት ትችላላችሁ። ሦስቱም በአማርኛ «እሺ፣ ይስተካከላል» ተብለው ስለሚተረጎሙ፣ ባል ለሚስቱ የሚያደርሰው መልእክት አንድ ይሆናል። ከቀናት በኋላ ቤቱ ያው ቀዝቃዛ ነው፤ አከራዩም ውሸታም ይባላል። የእውነት ውሸታም አከራይ ሞልቷል፤ ያንን አልክድም። «አይል ሉክ ኢንቱ ኢት» ያለው ግን ምናልባት የተናገረውን አድርጎ ይሆናል፤ አይቶታል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። «ዲል ዊዝ» ሲባል «ባይ ዌን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እስከ መቼ? ሐረጉ ውስጥ ቀን የለም፤ ቀኑን ማስገባት የሰሚው ሥራ ነው። ከዚያም የተባባላችሁትን በጽሑፍ መልሳችሁ ላኩለት። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የአከራይና ተከራይ ሕግ የማሞቂያና የሙቅ ውኃ መስመሮችን የማስጠገን ግዴታ አከራዩ ላይ ጥሏል። ስለዚህ «ባይ ዌን?» ማለት ድፍረት ተደርጎ አይቆጠርም።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ይህንን ልዩነት በራሳችን ቋንቋ አጥርተን የምናውቅ መሆናችን ነው። መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ «ጉዳይዎ በሂደት ላይ ነው» ስትባሉ ቤት ገብቶ «አለቀ» የሚል ማን ነው? «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ሲባል ልባችን ደረታችን ውስጥ ዝቅ ይላል እንጂ አይጨፍርም። «እየታየ ነው» የሚለው ቃል ስንት ዓመት ሊታይ እንደሚችል እናውቃለን። «ኢት ኢዝ ቢንግ ዴልት ዊዝ» የዚህ ሁሉ ታላቅ ወንድም ነው፤ አድራጊው ተደብቋል፣ ማብቂያውም የለም። በአማርኛ ስንሰማው የምንጠረጥረውን በእንግሊዝኛ ሲመጣ ግን እናምነዋለን።

ጉዳይ መያዝና ጉዳይ መጨረስ የተለያዩ መሆናቸውን የሚመሰክር ሌላ የራሳችን ቃልም አለ፤ «ጉዳይ ገዳይ»። ያ ሰው የሚቀጠረው ጉዳዩን እንዲይዝ አይደለም፤ ለመያዝማ ስንት ቢሮ አለ። ስሙ እንደሚለው እንዲገድለው ነው። ሕጋዊነቱን ለእናንተ ልተው።

እንግሊዞችም በዚህ ጉዳይ ራሳቸውን ይታዘባሉ። የመንግሥታቸው ድረ ገጽ የአጻጻፍ መመሪያ ባለሥልጣናት እንዳይጠቀሙባቸው ከሚመክራቸው ቃላት አንዱ «ታክል» ነው፤ ችግርን መጋፈጥ ማለት ነው። መመሪያው ቃሉን የሚፈቅደው እንደ ራግቢ ላለ ስፖርት ነው። ይህን ያነበብኩ ጊዜ ሳቅሁ፤ ቀጥዬም የእኛን የስብሰባ ሪፖርቶች አሰብኩና ሳቄ ቆመ።

«ሶርት አውት»ን ካነሣን አይቀር፣ ብሪታንያ ውስጥ «ሶርትድ» ብቻዋን የቆመች ቃል ሆናለች። ቲኬቱ ተገዛ? ሶርትድ። ሂሳቡ ተከፈለ? ሶርትድ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሌሊት ጭፈራ ቤቶች ዕፅ የያዘ ሰው «ሶርትድ» ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ፐልፕ የተባለው የሸፊልድ ባንድ ቃሏን የዘፈን ርዕስ ውስጥ አስገባት፤ በሸፈኑ ላይ በታተመው ሥዕል ምክንያትም ዴይሊ ሚረር ጋዜጣ ይታገድ ብሎ በፊት ገጹ ጮኸ። ዛሬ ያንን የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ አያቶችም «ሶርትድ» ይላሉ። ለእኛ ጆሮ «አለቀ፣ ደቀቀ» ናት። አሜሪካ ውስጥ ግን ብዙም አትሰሟትም፤ እዚያ «ቴክን ኬር ኦቭ» ይሏታል። የማፊያ ፊልም የምታዩ ደግሞ «ቴክ ኬር ኦቭ ሂም» ሲባል ሰውየው እንክብካቤ እንደማይጠብቀው ታውቃላችሁ።

ዛቻ ላይ ስንደርስ የእናትየዋን «አይል ዲል ዊዝ ዩ ሌተር» ማንም ሊያስተምረን አይችልም፤ በእኛ «ቆይ፣ ቤት እንገናኛለን!» ነው። ልጁ በሁለቱም ቋንቋ በደንብ ይገባዋል። ቅጣቱ ምን እንደሆነ አለመነገሩ ነው የሚያስፈራው፤ ሐረጉ ውጤቱን ስለማይናገር ልጁ ራሱ በሐሳቡ ይሞላዋል። እኛ አዋቂዎቹ አከራዩ ያልተናገረውን ደስታ እንደምንሞላለት ሁሉ፣ ልጁ ደግሞ ፍርሃት ይሞላበታል።

«ዲል ዊዝ ኢት!» ተብሎ እንደ ትእዛዝ ሲወረወርስ? ይህ አሜሪካዊ ጠባዩ ነው። ጥቁር መነጽር ከላይ ቀስ ብሎ ወርዶ አንድ ሰው ወይም ድመት ዓይን ላይ የሚያርፍበትን የማኅበራዊ ሚዲያ ቀልድ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ትርጉሙን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ «ቻለው!» ነው። «ዋጥ አድርጋት» የሚልም አለ።

«ቻለ» ደግሞ የአማርኛ ጌጥ ነው። መኪና መንዳት የሚችለውና የጎረቤቱን አመል የሚችለው ሰው በአንድ ግስ ይነገራሉ። አቅምና ትዕግሥት አንድ ቤት ያድራሉ። እንግሊዝኛ እነዚህን አብዛኛውን ጊዜ ለያይቶ ነው የሚይዛቸው። ይዞ ማድረጉን ለ«ዲል ዊዝ» ሰጠው፤ ሳይወድቁ መቆየቱን ለ«ኮፕ ዊዝ» ሰጠው። «ኮፕ» ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ነው፤ መምታት ማለት ነበር፤ ከሰው ጋር «ኮፕ» ማድረግ ቡጢ መለዋወጥ ነበር። ዛሬ ቡጢው ቀርቶ በእግር መቆሙ ብቻ ተረፈ። «አይ ካንት ኮፕ» ያላችሁ ጓደኛ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ እያለ ነው፤ በቀላሉ አትለፉት። የአሜሪካ ወጣቶች «ዊዝ»ን ጥለው «አይ ካንት ዲል» ሲሉ ግን ብዙ ጊዜ መደነቅ ወይም መሰላቸት ነው፤ አምቡላንስ አትጥሩ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ የሐዘኑ ጥያቄ። ይህ በውጭ ያሉ ወገኖቻችን ደጋግመው የሚያነሡት ቅሬታ ነው። ሰው አገር ቤት እናቱ ታርፍበታለች፤ ሌሊት መርዶ ይሰማል፤ ሊሄድ አልቻለም፤ ጥቂት ቀን ቆይቶ ሥራ ይገባል። ባልደረባው ጠጋ ብሎ «ሀው አር ዩ ዲሊንግ ዊዝ ኢት?» ይለዋል። ሐዘንተኛው ይቀየማል። «እናቴ ችግር ናት እንዴ? ምን ማለቱ ነው?»

ቅያሜው ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። በእኛ ወግ ሐዘንተኛ ሐዘኑን እንዴት እንደያዘው አይጠየቅም። ይለቀስለታል፣ ሰው አብሮት ይቀመጣል፣ ምግብ ይመጣለታል፣ «እግዜር ያጥናህ» ይባላል። ጥናቱን የሚሰጥ ሌላ ነው፤ ድንኳኑን የሚተክለው እድሩ ነው፤ እሱ እንዲያዝን ብቻ ነው የሚፈለግበት። የእንግሊዝኛው ጥያቄ ግን ሐዘኑን የግል ሥራ አስመስሎ በእጁ ያስቀምጥበታል።

ነገር ግን ጠያቂው ክፉ አላሰበም። ሪቻርድ ላዛረስና ሱዛን ፎልክማን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ ሰው ጭንቀትን የሚቋቋምበትን መንገድ ሁለት አድርገው ያዩታል፤ አንዱ ችግሩን ራሱን ለመለወጥ የሚደረግ ነው፤ ሌላው ችግሩ በውስጣችን የሚቀሰቅሰውን ስሜት ለመያዝ የሚደረግ። የተበላሸ ማሞቂያ የመጀመሪያውን ይፈልጋል። ሞት የመጀመሪያውን አይቀበልም። «ዲል ዊዝ» ሁለቱንም ስለሚሸከም አከራዩም ባልደረባውም በአንድ ሐረግ ይናገራሉ፤ ባልደረባው ግን የጠየቀው ስለ ሟቿ አይደለም፤ ስለ አንተ ነው። እንቅልፍ ትተኛለህ ወይ፣ ትበላለህ ወይ፣ ሰው አለህ ወይ ማለቱ ነው።

መልሱም ረጅም መሆን የለበትም። «ኢት ካምስ ኤንድ ጎውዝ» ብትሉት ይረዳችኋል፤ መለስ ቀለስ ይላል እንደማለት ነው። ቤታችሁ በለቀስተኛ ተሞልቶ ከሆነም ያንኑ ንገሩት፤ ይገረማል፣ ምናልባትም ይቀናል። ለአንዲት ሴት ይህን መክሬያት ባልደረቦቿ በማግስቱ ምግብ ይዘው መጡ አለችኝ፤ ማካሮኒ ነበር፤ ተበላ።

«ፑት አፕ ዊዝ»ን (መታገሥ ማለት ነው) ሆን ብዬ ዘልዬዋለሁ፤ ስለ አማት የሚያነሣ ሰው እንደማይጠፋ ስለማውቅ ለጥያቄው ሰዓት አቆይቼዋለሁ። ማይክሮፎኑ ከኋላ ረድፍ ይጀምር።